የልጆች ፊልም የመጀመሪያዋ ደቂቃ የልጁ ናት

ለልጆች ተብሎ የሚሠራ ፊልም የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለማን ይሰጣል? በአገራችን ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ጥቂት ነው። የልጆች ፊልም ሲታቀድ የሚወራው ስለ ትምህርቱ ይዘት፣ ስለ በጀቱና ስለ ርዝመቱ ነው። መክፈቻው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ኤዲተሩ በመጨረሻዋ ሌሊት የሚቀጥለው ቁራጭ ይሆናል። የተከታተሉ ዓርማዎች፣ የምስጋና ዝርዝር፣ ከኢንተርኔት የተነሣ ሙዚቃ፣ ከዚያም የአዋቂ ሰው ንግግር ይመጣል። ታሪኩ ሳይጀመር ልጁ ፊቱን አዙሯል። የዝግጅት ክፍላችን አቋም ግልጽ ነው። የልጆች ፊልም የመጀመሪያዋ ደቂቃ የልጁ ናት። በልጁ ቋንቋና በልጁ ቁመት ተሠርታ፣ ለአደባባይ ከመብቃቷ በፊት በልጆች ፊት መፈተን አለባት።

ስለ ልጅ በደፈናው መናገር ቀላል ስለሆነ አንድ ስፍራ ይዘን እንነጋገር። በወላይታ ዞን፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ ያለችውን ዲምቱን እንውሰድ። የዲምቱ ልጅ እናቱ የምትቆጣበትም የምታባብልበትም ቋንቋ ወላይታቶ ነው። ገበያ ሲላክ የሚጠይቀው፣ አንደኛ ክፍል ገብቶ ማንበብ የሚጀምረውም በዚሁ ቋንቋ ነው። ጽሕፈቱ የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት ዓይነት ይመጡለታል። ስክሪን ሲያገኝ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በታላቅ ወንድሙ ስልክም ሆነ በጎረቤት ቴሌቪዥን የሚያየው ካርቱን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ወይም በአማርኛ ይከፈታል። ፊልሙ ስለ እጅ መታጠብም ይሁን ስለ መልካም ጓደኝነት፣ ልጁ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚቀስመው ሌላ ትምህርት ነው፤ ስክሪን ላይ የሚወጣ ነገር የሌላ አገር ልጅ ነገር ነው የሚል። ይህን የተሳሳተ ትምህርት ማንም ሆን ብሎ አላዘጋጀውም፤ ነገር ግን በየቀኑ እየተሰጠ ነው።

የመክፈቻ ሥራ ምንድን ነው? ልጁን ከነበረበት ጨዋታ ይጠራዋል፤ ማን እንደሚያጫውተው ያሳየዋል፤ ነገሩ የሚሆንበትን ስፍራ ያስተዋውቀዋል። የሚያስቅ ይሁን የሚያስፈራ፣ እውነት ይሁን ተረት፣ የጨዋታውን ሕግ ይነግረዋል። በመጨረሻም የፊልሙን ስም በአፉ ያስገባለታል። አምስቱም ሥራዎች አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ማብራሪያ መሠራት አለባቸው። ልጁ ገና ማንበብ ስለማይችል የጽሑፍ መግቢያ አይሠራለትም። ረጅም ንግግር መከታተልም አልለመደም። ስለዚህ መክፈቻ ከፊልሙ ክፍሎች ሁሉ ይልቅ ድምፅን፣ ፊትንና እንቅስቃሴን የሚጠይቅ ብርቱ ጥበብ ነው።

ይህን ጥበብ አገራችን ከስክሪን በፊት ታውቀዋለች። አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱላት ተረቱ አይጀመርም። በዚያች አጭር ልውውጥ ውስጥ ጥሪ አለ፣ መልስ አለ፣ የጨዋታው ሕግም አለ። ልጁ ሰሚ ብቻ ሳይሆን የተረቱ ባለቤት ሆኖ ይገባል። ምሽቱን ሁሉ ሌላ ሌላ ተረት ቢነገርም መክፈቻው አንድ ነው፤ ልጁ የሚወደውም ስለሚያውቀው ነው። ዛሬ ለልጆች ፊልም የሚሠራ ባለሙያ ከማንም የውጭ መጽሐፍ በፊት ሊያጠናው የሚገባው ይህን ነው።

በቴሌቪዥንም አርአያ አጥተን አናውቅም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆችን ጊዜ የያዘው የመድረክ ሰው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ትውልድ ሁሉ አባባ ተስፋዬ ብሎ የሚያውቀው፣ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ፕሮግራሙን በሰላምታ ከፍቷል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ያስታወሰው የነገራቸውን ተረቶች ብቻ አልነበረም። ልጆችን የዛሬ አበባ የነገ ፍሬ እያለ፣ ዐይኑን ካሜራው ላይ ጥሎ ሰላም የሚልበት አከፋፈቱ ነው በብዙዎች አፍ የነበረው። ያ መክፈቻ አኒሜሽን አልነበረውም፤ ውድ መሣሪያም አልጠየቀም። የነበረው ፊት ለፊት መናገር፣ ልጅን ማክበርና አንድን ነገር ሳይለውጡ መደጋገም ነበር። በየቤቱ ያለ ልጅ ከስክሪኑ ባሻገር ላለ ሰው የአጸፋ ሰላምታ ይሰጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አርአያ ፀሐይ ናት። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር በራሳቸው ቤት በአሻንጉሊት የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ብዙም ሳይቆይ በሙኒክ በሚካሄደው በፕሪ ዠኔስ ውድድርና በጃፓን ሽልማት ተሸለመ። የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ ፀሐይ በሥራዋ ታዋቂ ብትሆንም ርዕሷን ልብ ያሉ ጥቂት ናቸው። ሦስት ቃል ብቻ ነው። የዋናዋን ስም ይነግራል፤ የምትወደውን ይነግራል፤ የፕሮግራሙን ዓላማም ይነግራል። ምክር የለበትም፤ «መማር አለባችሁ» አላለም። የምትወድ ልጅ አሳይቶ ወዳጅነት ጠየቀ። አንድ ርዕስ ይህን ያህል ሥራ ሲሠራ መክፈቻው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ከዓለም ሥራዎች ደግሞ ለወላይታ በቀጥታ የሚጠቅም ምስክርነት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» የሚከፈተው በፀሐይ መውጣትና በዙሉ ቋንቋ በሚሰማ ጥሪ ነው። ድምፁን ያሰማው ከአገሩ ተሰዶ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊ ሌቦ ኤም ነው። በመላው ዓለም ያዩት ልጆች አብዛኞቹ ቃሉን አይረዱም፤ ነገር ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። በመክፈቻው አንድም ምልልስ ሳይኖር እንስሳቱ ይሰበሰባሉ፣ ግልገሉ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከበሮ ሲመታ ርዕሱ ይወጣል። አምራቹ ድርጅት በዚህ መክፈቻ ስለተማመነ ፊልሙ ከመውጣቱ ወራት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1993፣ ሙሉውን መክፈቻ እንደ ማስታወቂያ አሳየው። አንድ የአፍሪካ ቋንቋ በዓለም ገበያ ከትልልቆቹ አንዱን የልጆች ፊልም መክፈት ከቻለ፣ ወላይታቶ በዲምቱ ልጅ ፊት የሚታየውን ፊልም እንዳይከፍት የሚከለክለው ምንድን ነው?

ሌላው ምስክር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሚሼል ኦስሎ «ኪሪኩ እና ጠንቋይቱ» ነው። በልጅነቱ በጊኒ የኖረው ፈረንሳዊ የሠራው ይህ አኒሜሽን በዩሱ ንዱር ሙዚቃ ታጅቦ በምዕራብ አፍሪካ መንደር ውስጥ ይሄዳል። መክፈቻው አንድ ሕፃን በእናቱ ማህፀን ሆኖ እንድትወልደው ሲጠይቅ፣ እናቱም እዚያው ሆኖ መናገር የቻለ ልጅ በራሱ መወለድ እንደሚችል ስትመልስለት ያሰማል። ሕፃኑ በራሱ ይወጣል፣ እትብቱን ይቆርጣል፣ ስሙን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ይህ ልጅ ትንሽ ነው ግን ማንንም አይጠብቅም ብሎ የሚያስረዳ ተራኪ አያስፈልግም። የባሕርይው ነገር ሁሉ ባደረገው ተነግሯል። የመክፈቻ ጥበብ ዋናው ሕግ ይኸው ነው፤ ስለ ልጁ አትንገረን፣ ልጁ ሲያደርግ አሳየን።

የጃፓኑ ሃያኦ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1988 «ማይ ኔበር ቶቶሮ»ን ሲከፍት ያደረገው ከዚህም የቀለለ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ በባዶ ወረቀት በመሰለ ቀለም ላይ በሙዚቃ እየተራመደች ታልፋለች፤ በዙሪያዋ ትናንሽ ፍጥረታት ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ልጅ፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ ዜማ ብቻ። የሦስት ዓመት ልጅ ተነሥቶ አብሮ ይራመዳል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1963 ለአዋቂዎች ለተሠራው «ፒንክ ፓንተር» መክፈቻ ብቻ በአኒሜሽን የተሳለው ሮዝ ነብር ከፊልሙ በልጦ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት የራሱን አጭር ፊልም አገኘ፣ ያም ፊልም ኦስካር ተሸለመ። ለስም ዝርዝር ማጀቢያ ተብሎ የተሳለ ሥዕል የልጆች ዘላቂ ወዳጅ ሆኖ ቀረ። መክፈቻ ትርፍ ነገር ነው ለሚል ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች ተነሥተን የራሳችንን ስንመዝን ሦስት ጉድለት እናያለን። የመጀመሪያው የባለቤትነት ጉድለት ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚሠሩ የልጆች ፊልሞች የመጀመሪያዋን ደቂቃ ገንዘብ ለሰጠ፣ ለፈቀደና ለተባበረ ሁሉ ያከፋፍሏታል። ለደጋፊ ምስጋና ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ዓርማ አያነብም፤ የቢሮ ኃላፊ ማዕረግም አይገባውም። ዓርማ በመክፈቻው ላይ የሚቀመጠው ለልጁ ሳይሆን ሪፖርቱን ለሚያነበው አዋቂ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሁለተኛው የቁመት ጉድለት ነው። ስለ ወላይታ ፊልም ሲሠራ ካሜራው ወዲያው ድሮን ላይ ይወጣል። ዳሞታ ተራራ ከላይ ይታያል፣ አጆራ ፏፏቴ ከላይ ይታያል፣ የጊፋታ በዓል ሰው ከላይ ይታያል። ምስሉ ያማረ ነው፤ ቱሪስት ለመጥራትም ይሆናል። ነገር ግን የዲምቱ ልጅ ዳሞታን ከሰማይ አይቶት አያውቅም። ልጅ ዓለሙን የሚያየው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። በዚያ ቁመት የሚታየው የእንሰት ግንድ፣ የእናት ቀሚስ ጫፍ፣ የጥጃ አፍንጫ፣ የአባት እግርና በር ሥር የምትገባ ዶሮ ነው። ካሜራው ወደዚያ ካልወረደ መክፈቻው የልጅ አይሆንም። ባህል የሚታየውም በዚያ ቁመት ሲሆን ነው። በጊፋታ ሰሞን የዱንጉዛ ልብስ ለብሶ የሚደሰት አንድ ልጅ በቅርበት ቢታይ፣ ከሰማይ የተቀረጸ ሺህ ጨፋሪ የማይነግረውን ይነግራል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ የቋንቋ ጉድለት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ደንግጓል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 17 መገናኛ ብዙኃን የልዩ ልዩ ማኅበረሰብ ልጆችን የቋንቋ ፍላጎት እንዲያስቡ ያሳስባል። ሕጉ ሞልቷል። በስክሪን ላይ ግን ቋንቋው ገና በእንግድነት ደጅ ላይ ነው።

ወላይታ ይህን ጉዳይ በቀላሉ የሚያይ ሕዝብ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሶዶ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሕይወት ጠፋ፤ በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ቋንቋዎቹ እርስ በርስ ተቀራራቢ መሆናቸው ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄው ልጁ መጽሐፉን ሲገልጥ የእናቱን አነጋገር ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም የሚል ነበር። ዛሬ ስለ ልጆች ፊልም የምንጠይቀው ያንኑ ነው። በቢሮ ውስጥ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ መክፈቻ፣ ማንም በማይናገርበት ቅላጼ የተቀረጸ መዝሙር፣ የወላይታን ልጅ አይጠራም።

ከዚህ በመነሣት አንድ ተግባራዊ ፍርድ እንሰጣለን። የፊልሙ ዋና ክፍል ከሌላ ቋንቋ ቢተረጎም ችግር የለውም፤ ድምፅ ማልበስ ርካሽና ፈጣን መንገድ ነው። መክፈቻው ግን አይተርጎም፤ እንደ አዲስ ይሠራ። መክፈቻ በብዛት ዜማ ነው፤ ዜማ ደግሞ የቃሉን ርዝመትና አነሣሥ ተከትሎ የተሠራ ስለሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ይሰበራል። የርዕሱም ጽሑፍ በወላይታቶ፣ ልጁ በክፍል በሚማረው ፊደል፣ ጎላ ብሎና ረጋ ብሎ ይውጣ። ለብዙ የዲምቱ ልጆች ይህ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ በራሳቸው ቋንቋ የሚያነቡት የመጀመሪያው ቃል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተለያዩ ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በየቀኑ በአንድ ዓይነት ዜማ ተደግፋ የምትወጣ አንዲት ርዕስ በዚህ ትግል ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት።

ዋጋው አይከብድም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። አይከብድም። ሠላሳ ሴኮንድ የጭቃ አኒሜሽን በሴኮንድ 12 ምስል ቢሠራ 360 ፎቶ ይጠይቃል። አንድ ስልክ፣ የማይነቃነቅ ማስቀመጫ፣ ጥሩ የቀን ብርሃንና ትዕግሥት ያለው ወጣት ካለ በጥቂት ቀን ያልቃል። ከጭቃ በሬና ላም የሚሠራ ልጅ በየመንደሩ አለ፤ ገጸ ባሕርይውን ራሱ ቢሠራው ከዚህ የተሻለ ጅማሬ የለም። አሠራሩም ውስብስብ አይደለም። መጀመሪያ ፊልሙ ስለ ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ቀጥሎ በወረቀት ላይ ስምንት ወይም ዐሥር ሳጥን ተሠርቶ እያንዳንዱ ምስል ይሳል። ከዚያ ድምፁ ከመንደሩ ይሰብሰብ፤ የውኃ መቅጃው፣ የእንሰት መፋቂያው፣ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ የከበሮው ድምፅ። ከዚህ በኋላ ብቻ ካሜራው ይነሣ። የመጨረሻው ሥራ መቀነስ ነው፤ ልጁ ሳያየው የማይጎድለው ሾት ሁሉ ይውጣ። በትንሽ ስልክ ስክሪንና በደካማ ድምፅ ማጉያ ተሞክሮ ያልሠራ መክፈቻ በዲምቱ አይሠራም፤ ምክንያቱም ልጁ የሚያየው በዚያው ላይ ነው።

በሙዚቃ ጉዳይ ደግሞ ቸልታ ይቁም። የታወቀ ዘፈን ቆርጦ በልጆች ፊልም ላይ መለጠፍ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብት መጣስ ነው። ወላይታ የራሱ ከበሮ፣ የራሱ የትንፋሽ መሣሪያ፣ የራሱ አዝማች አለው። የአካባቢውን ተጫዋች ጠርቶ፣ ተገቢውን ከፍሎ፣ ስሙን በመጨረሻው ዝርዝር ጽፎ ማሠራት ሕግም ነው፣ ምግባርም ነው። በልጆች ሥራ ላይ የሚጀመር ስርቆት ለልጅ ምን ያስተምራል?

ከመሥራት እኩል መመርመር ያስፈልጋል። በአገራችን ፊልም የሚገመገመው በአዋቂዎች ነው፤ የልጆች ፊልምም ሳይቀር። እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም «ሰሳሚ ስትሪት» ግን ከመነሻው ሌላ መንገድ ያዘ። የምርምሩ መሪ ኤድዋርድ ፓልመር ልጁን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ከጎኑ ሌላ ስክሪን ላይ በየሰባት ሴኮንድ ተኩል የሚቀያየር ሥዕል ያሳየው ነበር። ልጁ ዐይኑን ከፕሮግራሙ ያነሣባት ቅጽበት ትመዘገባለች፤ ያች ቦታ ትታረማለች ወይም ትወጣለች። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው «ብሉስ ክሉስ» አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ ያሳይ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ልጆች በድግግሞሹ እየተሰላቹ ሳይሆን ይበልጥ እየተረዱና እየተሳተፉ እንደሚሄዱ ተገነዘቡ። ከማንኛውም የልጆች ተከታታይ ፊልም ውስጥ በየክፍሉ የሚደገመው መክፈቻው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መፈተን ያለበት እሱ ነው።

ይህ ፈተና በዲምቱ አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ያለ ምንም ላቦራቶሪ ይሠራል። ስክሪኑ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ በሚታይበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ አንድ መምህር ልጆቹ ወደ መስኮቱ የዞሩበትን ሴኮንድ ይጻፍ። መክፈቻው አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ምስል ይታይ፤ ያለ ድምፅ የማይገባ ምስልና ያለ ምስል የማይጠራ ድምፅ ይታወቃል። በማግሥቱ ልጆቹ የሚያስታውሱትን ይሳሉ፤ ማንም ያልሳለው ነገር አልታየም ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ዜማውን ማን እንደሚያንጎራጉር ይደመጥ። መምህራኑ የሚጽፉት አንድ ገጽ ለፊልም ሠሪው ከማንኛውም የአዳራሽ ግምገማ ይጠቅመዋል።

ሁለት ተቃውሞ እንጠብቃለን። አንደኛው ዛሬ ሰው መክፈቻ እየዘለለ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ መዝለያ ቁልፍ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኩባንያው በቀን 136 ሚሊዮን ጊዜ እንደሚጫን አስታውቋል። ይህ ግን ስለ አዋቂ ተመልካች ልማድና ስለ ረዘሙ የስም ዝርዝሮች ይናገራል። ትንሽ ልጅ የሚያውቀው ነገር እንዲደገምለት የሚለምን ነው፤ መክፈቻው ሲመጣ ተነሥቶ የሚጨፍረውም ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ቁልፉ ለእኛም ምክር አለው፤ አጭር አድርጉት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። መጽሐፍና ወንበር ባልተሟላበት ስለ ፊልም መክፈቻ ማውራት ቅንጦት አይሆንም? ልጆችንስ ከስክሪን ማራቅ አይሻልም? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። እኛም ይህን እንደግፋለን። ፊልም የመጽሐፍን፣ የመምህርንና የጨዋታን ቦታ እንዲወስድ የምንሻ አይደለንም። ነገር ግን ስክሪኑ ሳንጠራው ቤት ገብቷል። ጊዜው እንዲያጥር ከተስማማን፣ አጭሩ ጊዜ የከበረ ይሁን። ከመጽሐፍ ኅትመት የሚነጠቅ ገንዘብም የለም፤ የምንጠይቀው አሁንም ለልጆች ፊልም ከሚወጣው ገንዘብ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ለባለቤቷ እንድትመለስ ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱን የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል። ወላይታ ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በቋንቋው የሚያሰራጩ መገናኛ ብዙኃን አሏት። ምክንያት የሚሆን የርቀት ነገር የለም። ስለዚህ ለየባለድርሻው ጥሪ እናቀርባለን።

የክልሉና የዞኑ መገናኛ ብዙኃን ለልጆች በሚያሰራጩት ማንኛውም ፊልም መክፈቻ ላይ ዓርማና የኃላፊ መልእክት እንዳይቀመጥ የአሠራር ደንብ ያውጡ፤ ምስጋና ሁሉ ወደ መጨረሻው ይሂድ። ለልጆች ፊልም ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች ይህን ደንብ በውላቸው ያስገቡ፤ ስማቸው በመክፈቻው ላይ አለመታየቱን እንደ መልካም ውጤት ይቁጠሩት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የኮሙኒኬሽን መምህራን ከአያቶች አፍ የተረት አከፋፈቶችንና የልጆች ጨዋታ ዜማዎችን ከተማሪዎቻቸው ጋር ይሰብስቡ፤ ፊልም ሠሪው የሚቀዳበት መዝገብ ይሁን። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ለፈተናው ክፍላቸውን ይክፈቱ። ወጣት ባለሙያዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን የሠላሳ ሴኮንድ መክፈቻ ያድርጉ፤ ጥበቡን ከዚህ በላይ የሚያስተምር ልምምድ የለም።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ የሚያየው ፊልም ሲከፈት አብራችሁት ተቀመጡ። ማን እንደጠራው፣ በየትኛው ቋንቋ እንደጠራው፣ እሱ የሚያውቀው ነገር በስክሪኑ ላይ ይኑር አይኑር ልብ በሉ። ካልረካችሁ ለጣቢያው ንገሩ፤ አድማጭ ያለው ጥያቄ ሥራ ይወልዳል።

የዝግጅት ክፍላችን ውሳኔ ይህ ነው። ለልጆች የተሠራ ፊልም በልጁ ቋንቋ ካልከፈተ፣ በልጁ ቁመት ካላየ፣ በልጆች ፊት ካልተፈተነ ለአደባባይ አልደረሰም፤ ወደ ሠሪው ይመለስ። ዲምቱ ላይ የሚሠራ መክፈቻ ደግሞ ለሌላው ኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ መለኪያ ይሆናል። ሥራው ዛሬ ይጀመር!